በእርሳስ የተጨመረ አፈር

እግዚአብሔር ምድርን አፈር ሲያለብስ ቤልኩር መንደር ላይ ሲደርስ አለቀበት። የጎደለውን የሞላው ኖርበርት ዴልፎስ ነው፤ ያውም በእርሳስ፣ ያውም ኦዲል ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ በየወሩ መጨረሻ፣ የፕሪም ፓይ የሚባለውን የፍራፍሬ ኬኩን እየገመጠ። እግዚአብሔር ስድስት ቀን ፈጅቶበታል። ኖርበርት ከምሳ በኋላ ጀምሮ ላሞች ከመታለባቸው በፊት ይጨርስ ነበር።

ኖርበርት የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መቆፈሪያ መኪናውም ጓሮው ውስጥ ዝጎ የድመቶች ማዋለጃ ሆኗል። በጉልበቱ ዘመን ግን ከሐይቁ እስከ ባሕረ ሰላጤው ድረስ እሱ ያልበሳው ግቢ አልነበረም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓድ! መኪናው ድንጋይ መውቀጥ ሲጀምር ሦስት መንደር ማዶ ያሉ ዶሮዎች ደንግጠው እንቁላል ይጥሉ ነበር፤ ልበ ስሶቹማ ሁለት ሁለት። የመንግሥት ቧንቧ እኛ ዘንድ ደርሶ አያውቅም። እያንዳንዱ ቤት የገዛ ጉድጓዱን ይጠጣል፣ ጉድጓዱ ቢበላሽም ተጠያቂው ራሱ ነው። ከመካከላችን «የኖርበርትን ውሃ አልጠጣሁም» ሊል የሚችል ክሌም ማሳር ብቻ ነው፤ እሱም ከቢራ ሌላ ስለማይቀምስ ነው። ላሞቹ ግን ይጠጣሉ።

እኛ የምንኖረው ድንጋይ ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ፣ እንደ አሮጌ ሳህን የተሰነጣጠቀ። በላዩ ያለችው አፈር አንዳንድ ቦታ የሟችን አፍንጫ ለመሸፈን እንኳ አትበቃም። ክሌም ጓሮ ዞር ብሎ ሽንቱን የሸና እንደሆነ ከሰዓት በኋላ በጎረቤቱ ቧንቧ ይወርዳል እያልን እንስቅ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ሕጉ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። አፈር በሳሳበት ቦታ ጉድጓዱ የሚለብሰው የብረት ቱቦ ይርዘም፣ ዙሪያውም በሲሚንቶ ይደፈን ይላል፤ ከላይ የሚወርደው ቆሻሻ በስንጥቁ ሾልኮ እንዳይገባ። ቆፋሪውም ሥራውን ሲጨርስ ስንት ጫማ ጥልቀት አፈር እንዳገኘና ስንት ጫማ ቱቦ እንዳወረደ ቅጽ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ይልካል። ቱቦ ግን ውድ ነው፤ ገበሬም ገበሬ ነው። «ኖርብ፣ እስቲ እዚህ ላይ ይብቃህ። አባቴ በሳንቃ የተከደነ ጉድጓድ እየጠጣ ዘጠና ዓመት ኖሯል» ይሉታል። ኖርበርት ደግሞ ሰው ለምኖት እምቢ ማለት አይችልም። አርባ ጫማ ላይ ያቆምና የአርባውን ብቻ ያስከፍላል። ካላወረደው ቱቦ አምስት ሳንቲም ወስዶ አያውቅም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል። ሌባ ቢሆን ኖሮ እኮ ከስሰነው እንገላገል ነበር። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» ይባል የለ? እሱ ምክሩን ቃል በቃል ወሰደው።

ወሩ ሲያልቅ ካፌ ይመጣና ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ሕጉ ስልሳ የሚል ከሆነ ስልሳ ሦስት ይጽፋል፤ ክብ ቁጥር ጥርጣሬ ያመጣል ብሎ ያምናል። ሦስት ጫማ የነበረውን አፈር ሃያ አራት ያደርገዋል።

«ዛሬ ስንት አፈር ጨመርክልን?» ትለዋለች ባለካፌዋ ኦዲል፣ ቡናውን እየሞላችለት።

«የማሳርን ግቢ ሃያ አንድ ጫማ ከፍ አደረግሁት።»

«ታዲያ ክሌም ለምን እንደ ድሮው ድንክ ሆኖ ቀረ?»

ካፌው በሳቅ ሊፈርስ ይደርሳል። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን የምናውቀው እንደ ቀልድ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ከዩኒቨርሲቲ መነጽራም ልጆች መጡና በአውራጃው መዝገብ ቤት ያሉትን የጉድጓድ ቅጾች በሙሉ ሰብስበው ካርታ ሠሩ። አፈር የሳሳበት ቀይ፣ አፈር የወፈረበት አረንጓዴ። ቤልኩር እንደ ገነት ለመለመች። ካርታው ተባዝቶ አንዱ ቅጂ ኦዲል ካፌ ግድግዳ ላይ፣ ከአርብ የዓሣ ጥብስ ማስታወቂያ አጠገብ ተሰቀለ። ስምንት ሺህ ላም ያለው ትልቁ የወተት እርሻም ካርታውን አየና «አረንጓዴው ላይ ፈሳሽ ፍግ ልርጭ» ብሎ አመለከተ። ተፈቀደለት። ለምን አይፈቀድለትም? ሳይንስ ነው! ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ትምህርቱን ያቋረጠው ኖርበርት የምርምር መሠረት ሆኖ ቁጭ አለ።

ቀድሞ ኖርበርት ጥጉ ላይ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ነበር። ካርታው ከተሰቀለ ወዲህ ጀርባውን ሰጠው።

እንግዲህ የልጅ ልጁ ጃኔል በዚህ መሀል ነው ቤት የገዛችው። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት፣ ፀጉሯን በእነዚያ ብረት በለመዱ ጣቶቹ እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ያደረሳት ኖርበርት ነው። ጉንጉኑ የጉድጓድ ገመድ ይመስል ነበር፤ አውሎ ነፋስ አይፈታውም። አድጋ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነች። ባሏ በሐይቁ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል፤ በረዶው በመጋቢት ሲሰበር ይሄዳል፣ ገና ሲቃረብ ይመለሳል። የገዙት ቤት ከጉብታው ላይ ያለው የድሮው የዣዴን ቤት ነው። ጉድጓዱን የዛሬ አርባ ዓመት የቆፈረው ማን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም።

ቤቱ ሲሸጥ ውሃው ተመርምሯል። ግን ጥር ላይ፣ መሬቱ በውርጭ እንደ ብረት በደረቀበት ወር፣ ምንም ነገር በማይሰርግበት ጊዜ። ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ኖርበርት ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን በፉጨት ዋለ። በዚያው ወር መጨረሻ ማርጎ ተወለደች፤ ራሰ በራ፣ ጉንጫም፣ ቁጡ። ሰው ሁሉ «ቁርጥ ክሌምን!» ሲል ክሌም ኮራ፣ ጃኔል ተቀየመች።

መጋቢት መጣ። በረዶው ቀለጠ፤ የእርሻው ቦቴዎች በአረንጓዴው ምድራችን ላይ ቀንና ሌሊት ሲረጩ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ከጃኔል ቧንቧ ቢጫ ውሃ ወረደ። ሽታው የላሞቹን ስም በየተራ ይጠራ ነበር።

እሷም የታመነ መረጃ ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ የጠየቀችው ክሌምን ነው፤ «ትንሽ ቀለም ምን ያደርጋል? ሆድ ያጠነክራል» አላት። ቀጥሎ የውሃ ማጣሪያ ሻጭ ደጇ ድረስ መጣና ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጠብታ ነገር ጨመረ። ውሃው ቡናማ ሆነ፤ ሰውየውም ደረቱን ይዞ ሊወድቅ ተንገዳገደ። ያ ጠብታ በዝናብ ውሃም፣ ሰውየው ራሱ ይዞት በሚዞረው ውሃም ላይ ያንኑ እንደሚያደርግ ኦዲል ባትነግራት ኖሮ ፈርማለት ነበር። ስልኳ ላይ ደግሞ አንዱ ኮምጣጤ ጨምሪ አላት፣ ሌላው ከሰል፣ ሦስተኛው ውሃውን ደግ ደግ ቃል አናግሪው አላት። ጃኔል ግን የመጻሕፍት ሰው ናት። በቃል የተነገራትን ሁሉ ትታ የተጻፈ ፍለጋ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

በማግስቱ ማርጎን ደረቷ ላይ አንግታ፣ ወረቀት እያውለበለበች ካፌ ገባች።

«አባባ! ያንተ ጽሕፈት እኮ ነው! እዩት እስቲ፣ ሦስት ቁጥሩን እንዴት አድርጎ እንደሚያጠማዝዘው!»

ኖርበርት ፓዩን አስቀመጠ።

«ስልሳ ሦስት ጫማ ቱቦ፣ ሃያ አራት ጫማ አፈር፣ ዙሪያው ሲሚንቶ። ጸሐፊዋ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹የኔ እመቤት፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ በአውራጃው ሁለት የለም፤ ይሄ የቤትሽ ቧንቧ ዝገት ይሆናል።› እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ጉድጓዱን ስጠረጥር! ያንተን ጉድጓድ!»

ሁላችንም ወደ ኖርበርት ዞርን። ኦዲል ቡናውን መቅዳት ረስታ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥላ ቀረች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ጃኔል።

«ምንም» አለ ክሌም። «የአያትሽን የእጅ ጽሕፈት እያደነቅን ነው።»

ኖርበርት አፉን ከፈተ። ዘጠኝ ሰው ያየዋል። ከጀርባው ካርታው፣ ከፊቱ ልጆቹ። አሁን ይናገራል ብለን ሁላችንም ወደ ስኒያችን አቀረቀርን።

«ለልጅቷ» አለ በመጨረሻ፣ «አፍልተሽ ስጫት።»

«ጉድጓዱ ደህና ከሆነ ለምን?»

«ለማንኛውም። በደንብ አፍዪው።»

ይኸው ነው። እሳት ጀርሙን ይገድላል፤ ከፍግ የሚመጣው፣ የሕፃንን ደም አየር እንዳይሸከም የሚያደርገው ናይትሬት የሚባለው ነገር ግን እሳት አይፈራም። ውሃው ሲተን እሱ እዚያው ይቀራል፤ እንደ ሠርግ ሾርባችን በቆየ ቁጥር ይወፍራል። ኖርበርት ይህን አያውቅም ነበር። ድንጋይ እንጂ ኬሚስትሪ ቆፍሮ አያውቅም። ጃኔል ግን የአያቷን ቃል አክባሪ ናትና የማርጎን የጡጦ ዱቄት ወተት የምትበጠብጥበትን ውሃ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ታንተከትከው ጀመር።

እሱ እንቅልፍ አጣ። በሦስተኛው ቀን ከተማ ወርዶ በፕላስቲክ ጋሎን የታሸገ ውሃ ስድስት ገዛ። ወሬው እሱን ቀድሞ ቤልኩር ገባ።

«ቆፋሪው ውሃ ገዛ!» አለ ክሌም ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ይሄ እኮ ቄሱ ጸበል ከሱቅ እንደሚያመጣው ነው! ኖርብ፣ ደረሰኙን አሳየን፣ ካልሆነ አናምንም!»

ኖርበርት ጋሎኖቹን ለጃኔል አደረሰ። «ምንድን ነው?» ብትለው «ቅናሽ ነበር» አላት። በማግስቱም ስድስት ወሰደ። እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ እንዲሁ። «አመሰግናለሁ አባባ፣ አስቀምጠዋለሁ» ትለዋለች፣ እሱም እፎይ ብሎ ይመለሳል።

በእኛ ዘንድ ከሱቅ የመጣ ነገር የእንግዳ ነው። የኖርበርት ሟች ሚስት የሱቅ ብስኩት ቆርቆሮ ቁም ሳጥን ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጧል፤ ልጆች ሽታውን እንጂ ጣዕሙን አያውቁትም። አንድ ቤት ሄደህ የሱቅ ብስኩት ከቀረበልህ እንግዳ ነህ ማለት ነው፤ ቤተሰብ ብትሆን ኖሮ የቤት ዳቦ ይወረወርልህ ነበር። ጃኔልም በዚህ ሥርዓት ነው ያደገችው፣ ያሳደጋትም እሱ ነው። ጋሎኖቹን ምድር ቤት አውርዳ እንደ ወታደር ደረደረቻቸው። ከፋሲካ በኋላ ለሚሆነው ለማርጎ ክርስትና፣ ለእንግዶቹ። ልጅቷ የቤተሰብ ናት፣ የቤቱን ውሃ ትጠጣለች።

ኖርበርት «ከየትኛው ነው የምታጠጫት?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ይበቃ ነበር። ግን ያን ከጠየቀ «ለምን?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ከዚያች «ለምን» ይልቅ ሠላሳ ጋሎን መሸከም ቀለለው።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ማርጎ አልነቃ አለች። ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የእርሳስ ቀለም ይዟል። ጃኔል ጠቅልላ ከተማ ሆስፒታል አደረሰቻት፤ ኖርበርትም የቤት ጫማውን እንዳጠለቀ ተከትሎ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረን ራሱ ነው፤ አንዴ ብቻ ነው የነገረን፣ ማንም ደግሞ አላስደገመውም።

ሐኪሙ ኦክስጅን ሰጣት፤ ቀለሟ አልተመለሰም። «ውሃችሁ ከየት ነው?» አለ።

«ከጉድጓድ» አለች ጃኔል። «ግን ውሃው ሊሆን አይችልም፤ ማስረጃ አለኝ።» ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ከሕፃኗ የልደት ወረቀት ጋር አንድ ላይ አጥፋ ነበር የምትይዘው። ሐኪሙ ቱቦውን አየ፣ አፈሩን አየ፣ ሲሚንቶውን አየ። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ውሃውን መጠርጠሩን ትቶ የልብ መርማሪ አስጠራ። ልቧ ላይ ያልተገኘ ነገር ሲፈለግ አንድ ሰዓት ሄደ። ወደ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል በሄሊኮፕተር ትሂድ፣ ልቧ ይከፈት እንደሆነ እዚያ ይወሰን ተባለ። ኖርበርት ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያዞረ በሩ ሥር ቆሟል።

«አርባ አንድ» አለ።

ማንም አልሰማውም።

«አርባ አንድ!»

ጃኔል ዞረች። «ምን አርባ አንድ አባባ?»

«ቱቦው። አርባ አንድ ነው። አፈሩ ሦስት ጫማ። ሲሚንቶ የለም፤ በድንጋዩ ፍርፋሪ ነው የደፈንኩት።»

«ሽማግሌው ምን እያሉ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ወረቀቱ ውሸት ነው እያልኩ ነው። ፍግ ነው የምትጠጣው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ተጨማሪ ቃል አልጠበቀም። ደም ቀዱላት፤ ቀይ መሆን ሲገባው የተበጠበጠ ካካዋ መስሎ ወጣ። በደም ሥሯ ሰማያዊ መድኃኒት ገባ። ሰማያዊ የሆነን ልጅ በሰማያዊ መድኃኒት ያድናሉ፤ ይህን ክሌም ቢናገረው አናምነውም ነበር። አጠገቧ ቆመው ጃኔል ወደ አያቷ ሳታይ ጠየቀችው።

«አፍልተሽ ስጫት ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«ጋሎኑን አልሰጠሻትም?»

«ለክርስትናው ነዋ ያስቀመጥኩት! አንተ አይደለህ እንዴ እንዲህ ያሳደግኸኝ?»

ሰዓት ሳይሞላ የማርጎ ከንፈር ቀላ፤ አፏን ከፍታ ሆስፒታሉን በጩኸት አናጋችው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በኋላ የተናገረች እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ኖርበርት የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ለጃኔል ወረቀቱን የሰጠቻት ጸሐፊ ነበረች። ትሑት ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጠችው።

«አንድ ስህተት ላርም ነው የመጣሁት» አላት።

«እሺ አባት። የቆፋሪነት ፈቃድ ቁጥርዎ?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ፈቃዱ አልቋል።»

«እንግዲያው ስለ ጉድጓድ የሙያ ቃል ልቀበልዎ አልችልም።»

«የቆፈርኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«ይሄ እርስዎ ያሉት ነው። በተፈረመበት ሰነድ ላይ ግን ስልሳ ሦስት ይላል።»

«የፈረምኩትም እኔ ነኝ!»

«እሱንማ ተቀብለናል» አለችው፣ በእውነት አዝናለት። «ያኔ ፈቃድ ነበረዎት።»

ካርታውስ ብሎ ጠየቀ። ካርታው የሚለወጠው እያንዳንዱ ጉድጓድ በካሜራ ሲታይ ነው፤ የሚታየው ደግሞ ባለቤቱ ሲጠይቅ ነው። በአጭሩ የዛሬ አርባ ዓመቱ ኖርበርት የታመነ የመረጃ ምንጭ ነው፤ የአሁኑ ኖርበርት አሉባልታ ነው።

እሱ ግን እልኸኛ ነው። የተማሪ ደብተር ገዛ። ካፌው ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ ካርታው አዞረ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ገጽ፣ በእስክሪብቶ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም በቃሉ ያውቃቸዋል! የሚስቱን የልደት ቀን በየዓመቱ ይረሳ የነበረ ሰው የማንን ቱቦ ስንት ላይ እንዳቆመ፣ ያን ቀን ምን ምሳ እንደበላ፣ የትኛው ውሻ እንደነከሰው ጭምር ጻፈ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ኦዲል ቡና ትሞላለታለች፤ ስለ አፈር ግን አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

በሦስተኛው ሳምንት ክሌም ወንበሩን ሳበና ተጠጋ።

«የእኔን ስንት ነው ያልከው?»

«ሠላሳ ስምንት። አፈሩ ሁለት ጫማ።»

«ቤቱን በመስከረም ልሸጠው ነው እኮ፣ ኖርብ።»

«አውቃለሁ።»

«ገዢዎቹ ልጆች አሏቸው፤ ይሄን ቢያዩ ይሄዳሉ።»

«ስለዚህ ነው የጻፍኩት።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ! ለዚህን ያህል ዘመን ስልሳ አምስት ስትል ኖረሃል፤ ወንድ ከሆንክ ቃልህን ጠብቅ!» አለና ገጹን ከደብተሩ ገነጠላት። «ቤቴ ወስጄ ላነባት ነው» ብሎ ኪሱ ከተታት።

ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ግን በማግስቱ ሌላው መጣ፣ «የእኔን ልየው» አለ፣ ገነጠለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ በሰልፍ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንኳ የደብሩን ጉድጓድ ገጽ ሊወስዱ ሁለት ሆነው መጡ፣ አንዱ ሲገነጥል ሌላው አማተበ። ኖርበርት አልከለከለም፤ «አስመርምሩ፣ ቢያንስ አስመርምሩ» ይላል፣ ለሚሄደው ጀርባ። ያስመረመረ የለም። የተመረመረ ውሃ ውጤት አለው፣ ውጤት ይጻፋል፣ የተጻፈ ደግሞ ገዢ ያነበዋል። እኔም የእኔን ገነጠልኩ። ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ናት፤ እስካሁን አላነበብኳትም።

በመጨረሻ ደብተሩ ሽፋንና አንዲት ገጽ ብቻ ቀረው። የጃኔል ናት። እሷ ካፌ መምጣት ትታ ስለነበር በፖስታ ላከላት።

ጃኔል መልስ አልጻፈችም። ካሜራ ያለው ሰው ከሩቅ ከተማ አስመጣችና ጉድጓዷ ውስጥ አስወረደች። ስክሪኑ ላይ የቱቦው ጫፍ ታየ፤ ከሥሩ እርጥብ፣ ጥቁር፣ አፉን የከፈተ ድንጋይ። አርባ አንድ ጫማ። ገጹ ላይ ካለው ጋር አንድ ጣት እንኳ አልተለያየም። የካሜራው ባለቤት «የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው» ሲላት «አዎ፣ መጻፍ ይችላል» አለችው ይባላል።

በዚያው በጋ አሮጌው ጉድጓድ ተደፍኖ አዲስ ተቆፈረ። ቆፋሪው ወጣት ነበር፣ ሞቅ ያለ ሰላምታ የሚወድ፤ እሷ ግን የጨበጠችው ጠመኔ ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ከመውረዱ በፊት ለክታ፣ ቁጥር ጽፋበት፣ ፎቶ አንስታው ነው የምታሳልፈው። ሲሚንቶው ሲገባ ማርጎን አቅፋ አጠገቡ ቆማ ዋለች። ኖርበርት መንገድ ዳር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ሲቆጥር ያየነው ሰዎች አለን። መቶ ሰባ ጫማ። ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። ውሃው ሦስት ጊዜ ተመረመረ፣ በመጋቢትም ጭምር ይመረመራል። እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው።

ጥር ላይ የማርጎ አንደኛ ዓመት ተከበረ። ኖርበርትም ተጠራ። በፊርማ፣ በካርድ፣ እንደ ሁላችን። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ በእጁ የሠራትን የእንጨት ዳክዬ ይዞ። ማርጎ ገና ስታየው ጺሙን ያዘች፣ ዳክዬዋን ነከሰች፣ ጮኸች። ጥርስ አውጥታለች። አባቷ፣ ከመርከቡ የተመለሰው፣ ከቧንቧው በትንሿ ኩባያ ውሃ ቀድቶ አጠጣት፤ ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ዘመዶቹም ብርጭቆ እያነሱ ከዚያው ቧንቧ ቀዱ፤ «አቤት ውሃ!» ተባለ፣ ቢራ ብቻ የሚጠጣው ክሌም እንኳ በጉንጩ ያዘና ፊቱን አጨማደደ።

ኖርበርት አንድ ብርጭቆ አነሳና ወደ ቧንቧው ተጠጋ። አርባ ዓመት ሙሉ የማንኛውንም አዲስ ጉድጓድ የመጀመሪያ ብርጭቆ የሚቀምሰው እሱ ነበር።

«ይቆዩ» አለችው ጃኔል።

ወደ ምድር ቤት ወረደች። የደረጃው ድምፅ ተሰማ፣ ቆየት ብሎም ተመልሶ መጣ። በእጇ ከጋሎኖቹ አንዱን ይዛለች፤ ከዚያው እሱ ከተሸከማቸው፣ አቧራ የጠገበ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ። በፎጣ ጠረገችው። ማሸጊያውን ሰበረችና ጥሩውን፣ ባለ እግሩን ብርጭቆ ከቁም ሳጥን አውጥታ ሞላችለት። ከጎኑ ሳህን አኖረች፤ ሳህኑ ላይ ሁለት የሱቅ ብስኩት።

«ይጠጡ» አለችው። «እንዳያፍሩ።»

ኖርበርት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበላት። ቀና ብሎ አላያትም። እስከ መጨረሻው ጠጣና ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ድምፅ እንዳያሰማ በጣም ተጠንቅቆ።

«አመሰግናለሁ» አለ። «ጥሩ ውሃ ነው።»